ያለ እኔ የተገዛው ስኬትቦርድ

ክንዱ፣
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

አልጋህ ሥር የደበቅኸውን ስኬትቦርድ አገኘሁት።

የመጀመሪያ ስኬትቦርዳችንን ቅዳሜ ቡሬ ልባሽ ተራ አብረን ልንመርጥ አልነበረም? ከአዴት እስከ ቡሬ እኔ ጥርሱን ያላየሁት በሬ እንደማይሸጥ አገር ያውቃል! አንተ ግን ብቻህን ሄደህ በሥዕሉ ተታለልህ። በሬ በቀለሙ ይገዛል? ጣውላው ከሥዕሉ ሥር ተሰንጥቋል። በርካሽ አገኘሁ ብለህ ጥርስህን ልታረግፍ ነው።

ለትምህርት ቤታችን መምህራን ሁሉ «ስኬትቦርድ እኔ እናቴ ሆድ ሳለሁ ነድቼዋለሁ» ማለቴ ትንሽ በዝቷል። አብሬህ መታየቴ ያሳፈረህ ለዚያ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበር?

አንዱን ጎማ ፈትቼ ወስጃለሁ።
ቡሬ እኅቴ ዘንድ ነኝ። ቅዳሜ ቀሪውን ይዘህ ና፤ አብረን እናስለውጠዋለን።

እስከዚያ በሦስት እግሩ ከሄደልህ ንዳው።

ምናለ