አባቴ ለበረዶ ምሰሶዎች ሰላምታ ስለ መስጠታቸው

ለከፍተኛ ተራሮች አካባቢ የአሽከርካሪዎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኩማ

ቀን፦ ጁላይ 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የአባቴ የአቶ ቪንኮ ኮባል የአውቶቡስ ማሽከርከሪያ ፈቃድ እንዲታገድና የዓይን ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

1. አመልካች ታንያ ኮባል እባላለሁ። በጂንዳባይን ከተማ የኮባል ማመላለሻ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነኝ። አሥራ አንድ አውቶቡሶች አሉን፤ እንደ አሁኑ በበረዶው ወራት የበረዶ ሸርተቴ የሚጫወተውን ሕዝብ ጠዋት ወደ ተራራው እናወጣለን፣ ማታ እናወርዳለን። ድርጅቱን ያቋቋሙት አባቴ ናቸው። ይህ አቤቱታ የቀረበውም በእርሳቸው ላይ ነው። ሌላ ሰው በወለደው አባት ላይ እንዲህ ጽፎ ብሰማ ምን እንደምለው ስለማውቅ፣ እርስዎ በልብዎ የሚሉኝን አልቃወምም።

2. አባቴ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ተራራ መንገድ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሲነዱ አንድም ሰው አልጎዱም። መንገዱ በበረዶ ሲሸፈን የማያውቁት መንገደኛ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ ሰንሰለት ሲያስሩ ጣታቸው ደንዝዞ የቀረ ሰው ናቸው። መንዳት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ አሁን የምከስሳቸውም ባስተማሩኝ ነው።

3. እርስዎም የአካባቢው ሰው ስለሆኑ እንደሚያውቁት፣ በዚህ መንገድ ሁለት ሾፌሮች ሲተላለፉ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ ሌባ ጣታቸውን ብቻ ቀና ያደርጋሉ። እጅ ማውለብለብ የእንግዳ ነው፤ ጣትን አለማንሳት ደግሞ የጥጋብ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ አባቴ ለማንም ጣታቸውን ማንሳት ተዉ። የረጅም ዘመን ሾፌራችን ወይዘሮ ግሌኒስ ፕራይስ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ቢሮዬ ገብታ፣ «ስሚ ታንያ፣ ሽማግሌው ምን ሆኗል? ሰሞኑን ጣቴን ብገትር ብገትር ዘጋኝ። የድርጅቱ ባለቤት መሆኑ ገና ዛሬ ትዝ አለው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ የባቄላና የጎመን ሾርባችንን ስንጠጣ ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «እኔ? እኔ ልኮራ? በይ ከነገ ጀምሮ ማንንም ሰላም ሳልል አላልፍም» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ።

4. ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ተጀመረ። ሁለት ሾፌሮች የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ጥለውን ስለሄዱ አባቴን በቅዳሜው ስምሪትም አስገባኋቸው። እኔም ከፊት ወንበር፣ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ከላይ የሚወርድ አውቶቡስ መጣ፤ ጣታቸውን አነሱ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ በረዶ መንገዱን ሲሸፍን ዳሩን እንዲያመለክት ለተተከለው ብርቱካንማ የበረዶ ምሰሶ አነሱ። ለሚቀጥለውም ምሰሶ አነሱ። ከዚያ ዳር ለቆመ ባዶ ተሳቢ፣ ከዚያም ለቆሻሻ በርሜል። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ከተቀየማቸው ሰው ሁሉ ጋር የሚታረቁ መስሏቸው ነበር። ከኋላ የተሳፈሩ ልጆች የሚቀልዱ መስሏቸው ተንጫጩ። አንዲት እናትም፣ «ወይ እኚህ ሰውዬ! እንዴት ያሉ ተጫዋች ናቸው!» አለች። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም የገባኝ ገብቶኝ ሳለ አብሬ ሳቅሁ። በዚህ አቤቱታ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ ሳቅ ነው።

5. እሑድም ስምሪቱ ላይ ስማቸውን በገዛ እጄ ጻፍሁ። መንገደኛ የሚልኩልን ሆቴሎች ስልክ ፋታ አልሰጠኝም ብዬ ማመካኘት እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ይሉኝታ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰንሰለት በሚታሰርበት ስፍራ አንድ መንገደኛ በመኪናው ጎማ ሥር ተንበርክኮ ነበር። አባቴ አውቶቡሱን ወደ እርሱ ሲያስጠጉ ግሌኒስ ከራሷ አውቶቡስ አይታ በሬዲዮ ጮኸች፤ «ቪንኮ! ቁም! ቁም አልኩህ እኮ!» አባቴም ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ያዙትና ከሰውዬው ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። «አይቼዋለሁ፣ ምን ያስጮኽሻል» አሉ በሬዲዮ። ግሌኒስ ማታ ግቢያችን ውስጥ ያዘችኝ። «አላየውም። አንቺም አለማየቱን ታውቂያለሽ። ወይ አፍሽን ክፈች፣ ወይ የአውቶቡሴን ቁልፍ እንኪ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

6. ያን ማታ መንዳት እንዲያቆሙ ልነግራቸው ሄድሁ። የአውቶቡሱን የፊት መስታወት በጨርቅ ሲፈትጉ አገኘኋቸው። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። «ይሄ ነገር አልጠራ አለኝ፣ ልጄ፤ የዝናብ መጥረጊያው አርጅቶ ነው መሰለኝ፣ ቀይሪልኝ» አሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ቀየርሁላቸው። አዲስ መጥረጊያ ገጠምሁና፣ «አሁንስ?» አልኋቸው። «አሁንማ ጠራ» አሉኝ። ሁለታችንም ወደ ቤት ገባን።

7. ባለፈው ኤፕሪል የዓይን ምርመራውን አልፈዋል፤ ወረቀቱም በእጅዎ ነው። ሐኪሙን አልወቅስም። የተፈተኑት ግን ሁልጊዜ በሚመረመሩበት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ ነው። «እሱንማ ተኝቼም እወጣዋለሁ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዕረፍቱ ሁለተኛ ሳምንት ገብቶ የሕዝቡ ጎርፍ በመጪው ቅዳሜ ሳይመጣ ፈቃዳቸው እንዲታገድልኝ፤ ምርመራውም ከከተማችን ውጭ፣ በቃል በማያውቁት ሰሌዳ እንዲደረግላቸው በትሕትና እለምናለሁ። እያወቅሁ እሑድና ሰኞ ያሰማራኋቸው እኔ ነኝና ቅጣት ካለ በእኔ ላይ ይሁን። ወይዘሮ ግሌኒስ ጥፋት የለባትም፤ ሰውዬውም በሕይወት ያለው በእርሷ ነው። እኔ ራሴ ቁልፉን ልቀበላቸው ብሞክር ልጄ ከዳችኝ ብለው ይሞታሉ እንጂ አይሰጡኝም። ከመንግሥት የመጣን ወረቀት ግን አንድም ቀን ተላልፈው አያውቁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን አቤቱታ መጀመሪያ ሳረቅቀው፣ የአመልካቿ ስም እንዳይገለጽ የሚል ልመና ነበረበት። ሰርዤዋለሁ። ላለፈው አንድ ዓመት አባቴ ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር «መነጽሬ ጠፋብኝ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይሉኛል። መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ መሆኑን እያየሁ አነብላቸዋለሁ፤ ጠፋ ማለታቸውን ያመንሁት ማመኑ ስለተመቸኝ ነው። የእርስዎም ደብዳቤ ሲደርስ የሚሰጡት ለእኔ ነው። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ እርሳቸው እያዳመጡ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስሜ ከግርጌ ከተጻፈ እዘለዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እባክዎ በመጀመሪያው መስመር ላይ «በልጅዎ በታንያ አመልካችነት» ተብሎ ይጻፍልኝ።

አንገቴን ደፍቼ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር፣

ታንያ ኮባል (ፊርማ)
ጂንዳባይን