ደመና ላይ ስለ ወጣው የስምንተኛ ክፍል ካርዴ

ለተከበሩ አቶ ባሮክ፣
የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣
የካ

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የኮምፒውተርዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርኩ፣ በማታው ክፍል የፊት ወንበር የማልለቅ ተማሪዎ ነኝ። ዘንድሮ ስምንተኛን አልፌአለሁ፤ ይህንንም የምናውቀው እኔ፣ መምህሬና ደመናው ብቻ ነን። የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ዓርብ ስለሚዘጋ ካርዴን ብጠይቅ፣ የተማሪው ሁሉ ውጤት አንድ ኩባንያ በሚያከራየው ደመና ላይ መውጣቱን አስረድተውኛልና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ደመና ሲሉኝ ቀና ብዬ ወደ እንጦጦ በማየቴ ከልብዎ ስለ ሳቁ ደስ ብሎኛል። ነገሩ ባሕር ማዶ ያለ የሰው ኮምፒውተር መሆኑን ሲነግሩኝ ግን የመሳቅ ተራው የእኔ ሆነ፤ መዝገብ ቤቱ ከቢሮዎ አጠገብ ነውና።

2ኛ. እንጦጦ ላይ ደመና ሲከብድ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት ይሄዳል፤ ስለዚህ ደመናው ሲመጣ ደመናው ይጠፋል። ይህን ረቂቅ ትምህርት በነሐሴ ዝናብ በርዎ ላይ አቁመው በነፃ አስተምረውኛል።

3ኛ. ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ኩባንያው ውሉ እስኪታደስ ድረስ ውጤታችንን ቆልፎብናል ተባልኩ። ልጅ ሳለሁ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክሜ ስወርድ የትምህርት ቤት በር ተዘግቶብኝ ነበር። ያኔ የዘጋብኝ ድህነት ስለ ነበር የምወቅሰው ሰው አጥቼ ኖሬአለሁ፤ አሁን እርስዎን ስላገኘሁ እፎይ ብያለሁ።

4ኛ. መምህሬ ካርዱን በእጃቸው ይጻፉልኝ ብል፣ እርስዎ ማኅተም የሚመታው ከደመና በወረደ ወረቀት ላይ ብቻ ነው አሉኝ። ማኅተሙ በመሳቢያዎ፣ የመሳቢያው ቁልፍ በኪስዎ፣ ኪስዎ ደግሞ ስለ ደመና በሚሰጥ ሥልጠና ቢሾፍቱ ሰንብቷል። ካልሆነ ስምንተኛን ይድገሙ ማለትዎ ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ ጊዜ የተረፈኝ መሆኑን ስላበሠረኝ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ ውልዎን ያድስልዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ስሟን በገዛ እጇ የጻፈች፣
የማርያምወርቅ ሣህሌ
ጳጉሜ 2009 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለዘጠነኛ ክፍል መዝጋቢዋ ለወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሰጥቻቸው ነበር። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ እንዲህ የምትጽፍ ሴት ስምንተኛን አላለፈችም የሚል ቢኖር እሱ ራሱ ይመርመር ብለው መዘገቡኝ። ካርዱን እስከ ጥቅምት ድረስ እንዲያመጡ ቀን ሰጥተዋል፤ ቀኑ የተሰጠው ለእርስዎ ነው።