የላክሁልህን ናቮት አትንካው

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለቱሮብ፤

አሰላሙ አለይኩም ወንድምዓለም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱ ለቀቀላችሁ ወይስ እዚያ አገር ክረምቱ ማለቂያ የለውም? ወገብህ፣ ዓይንህ፣ ከሁሉም ከሁሉም እግርህ እንዴት ነው? የእግርህን ነገር ደግሜ ደጋግሜ እጠይቅሃለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለህ ታገኘዋለህ። እኛ በአላህ ቸርነት ሁላችንም አለን። ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ለምዶብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ ቱሮብ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። በአዲስ ዓመታችን በኖውሩዝ ሰሞን በሹፌሩ በናርዙላ እጅ የላክሁልህን ሁለት ኪሎ ናቮት፣ ያን የአባታችንን የሻይ መድኃኒት፣ አትንካው። ካልከፈትከው እንደታሰረ ይቀመጥ። ከከፈትከው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍንካች ሻይህ ውስጥ እንዳትገባ። በቀን ሦስቴ ጠጣ ብዬ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ፤ አሁን ተው የምልህም እኔው ነኝ። ስልክህ ዝም ካለ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ኮረብታው ላይ ካልወጣህ እንደማይሠራ ባውቅም ልቤ አላርፍ ስላለ ነው ብዕር ያነሳሁት። ናርዙላ ነገ ስለሚነሳ ይህን ወረቀት በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ማቭሉዳ የምትባል ነርስ ቤት ለቤት እየዞረች ሰው መመዘን ጀመረች። እኛ ቤት ስትመጣ በአንድ እጇ ሚዛን፣ በሌላው የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛለች። እኔ ሞኟ ለልጄ ሰርግ ቀሚስ ልትሰፋልኝ መስሎኝ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ወገቤን ለክታ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ዘጠና ሰባት ኪሎ። ባሌን ኤርጋሽን ታውቀው የለ፣ ከጓሮ ሆኖ “ነርሷ፣ ሚዛኑን ከሰበረችው እኔ የለሁበትም!” ብሎ ጮኸ። ይህን የሰሙት ጎረቤቶቹም “ባሏ ደህና አድርጎ ያበላታል ማለት ነው!” እያሉ ሳቁ። ማቭሉዳም አብራ ሳቀች። ጣቴን ወግታ ደሜን ስታይ ግን ሳቋን ተወች። ስኳሬ ዘጠኝ ነበር፤ በእሷ መለኪያ ከሰባት ያለፈ በሽታ ነው።

እሷ እንደ ድሮው ሐኪማችን አትቆጣም። ምንጣፉ ላይ አብራኝ ተቀመጠችና “እትዬ ሳኖባር፣ ከሁሉ በላይ የምትፈሪው ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ክብደት ምናምን የምትለኝ መስሎኝ ነበር እኮ። የእናቴን እግር አልኳት። በስኳር በሽታ ከጉልበቷ በላይ እንደተቆረጠች፣ አንተ በጀርባህ አዝለህ ታመላልሳት እንደነበር፣ ሁለተኛውን ክረምት እንዳላየችው ነገርኳት። እሷም ሁሉን በአንድ ቀን ተዪ አላለችኝም። በሦስት ወር አምስት ኪሎ፣ ዳቦ ሩብ፣ ሩዙ የሳህኑን ግማሽ እንዳያልፍ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ቦዩ ደርሶ መመለስ። የበላሁትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተርም ሰጠችኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ታየዋለች።

አላህ ያውቃል፣ አልዋሸሁም። የሰርጉን ሩዝ፣ ኦሹን ሳይቀር በማንኪያ ቆጥሬ ጽፌአለሁ። ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ስኳሬ ግን አሥራ አንድ ገባ፣ ቀጥሎ አሥራ ሦስት። ያን ቀን ማቭሉዳ ደብተሩን ገልብጣ ገልብጣ ደጋግማ አየችው። ዳቦ በእጄ ይዤ ማልኩላት፤ ስኳር በአፌ አልዞረም ብዬ። ዳቦ ይዞ መማል ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እሷ አምናኝ ሄደች። እኔ ግን የእናታችን ነገር ዓይኔ ላይ እየተደቀነ ሆዴ ይታመስ ጀመር። ሆዴ ሲታመስ ደግሞ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ፤ አባታችን ያስለመደንን።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማቭሉዳ ስትመጣ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ አገኘችኝ። ሚስትህ ኦይዲን እንደ ልማዷ ሻይ አቀረበችልኝና ሁለት ትልልቅ የናቮት ፍንካች ከታ ማማሰል ጀመረች። ማቭሉዳ ዓይኗን ከፍንጃሉ ሳትነቅል “እትዬ፣ ይሄን በቀን ስንቴ ነው የምትጠጪው?” አለችኝ። “ስድስቴም ሰባቴም፣ እንደ ሕመሜ ነው” አልኳት። “ደብተሩ ላይ የለም እኮ።” “መድኃኒት ምግብ ነው እንዴ የምጽፈው?” ብዬ ቆጣ አልኩባት። እሷም በለሆሳስ “አባትሽ ናቮት ሠሪ ነበሩ አይደል? ከምንድን ነው የሚሠራው?” አለችኝ።

ቱሮብ፣ ያን ጊዜ የአባታችን መዳብ ማሰሮ ዓይኔ ላይ መጣ። ክሩን የምወጥር እኔ፣ ከረጢቱን የምትሸከም አንተ፣ ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ብርጭቆ የመሰለው ነገር ክሩ ላይ እስኪያድግ የምንጠብቅ። ከረጢቱ ውስጥ ምን እንደነበር እንኳን እኔ የሰፈሩ ድመት ያውቃል። “ከስኳር” አልኩ። በራሴ አፍ። ኦይዲን ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ለራሴ ብቻ አልነበረም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ለእናታችን በኪሳችን ናቮት ደብቀን እየወሰድን ከሻይ ጋር እናጠጣት አልነበር? ሐኪሞቹ ስኳር ስለከለከሏት ናቮት ይሻላታል ብለን! ማቭሉዳ “በደግ ልብ ያደረጋችሁት ነው፣ ራስሽን አትክሰሺ” አለችኝ። ቃሏን ሰማሁ፣ ነገሩ ግን እስካሁን ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ናቮቱን ተውኩ። ሐኪሙም የሚዋጥ ኪኒን ጨመረልኝ። ባለፈው ማክሰኞ ማቭሉዳ ስትመጣ ስኳሬ ስምንት፣ ክብደቴ ዘጠና ሦስት ሆኖ አገኘችው። ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ ቀበጥኩ። በዚያው ያንተን ወሬ አነሳሁባት። “እኔ ለአራት ኪሎ ቦዩን ስዞር ጫማዬ አለቀ፤ ወንድሜ ግን እድለኛ ነው፤ እየበላ ሱሪው ሰፋው፣ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል” አልኳት። በኖውሩዝ የጻፍክልኝን ነው እንግዲህ። ቀንቼብህ ነበር፣ አልደብቅህም። ግን እዚያ ከስተህ አቅም እንዳታጣ ብዬ ነው ናቮቱንም የላክሁልህ።

ማቭሉዳ ብዕሯን አስቀመጠች። “ውሃ ውሃ ይለዋል?” አለችኝ። ደብዳቤህን ከሣጥን አውጥቼ አነበብኩላት። ባልዲ ብጠጣ አልረካም፣ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፣ ስነዳ የመንገድ ምልክቶቹ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል፣ ጫማ የላጠኝ ቁስል ሁለት ወሩ ነው አልደርቅ አለ፤ ሁሉንም ጽፈህልኛል። እኔ ሳነበው ስቄ ነበር፤ ሰነፍ ሆኗል ብዬ። እሷ አልሳቀችም። ሰው ሳይለፋ እንዲህ ሲከሳና ሲጠማ ስኳሩ እጅግ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ የእናታችሁ ልጅ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ አለች። የኔን ፍርሃት ሁሉ ረሳሁት።

ስለዚህ እህትህ እለምንሃለሁ። ወረቀቱን እንደጨረስክ ለአለቃህ ንገርና ሐኪም ቤት ያለበት ከተማ ሂድ። ጣትህን ይውጉህ። እግርህን ጫማና ካልሲ አውልቀህ አሳያቸው፤ እንዳታፍር። ማቭሉዳ የሕመምህን ምልክቶች በእነሱ ቋንቋ ጽፋልሃለች፣ ፖስታው ውስጥ አለ፣ እሱን አቅርብላቸው። እስከዚያው ውሃህን ጠጣ፣ ምግብህንም ጨርሰህ አትተው፤ ጣፋጩን ብቻ ተው። መኪና አትንዳ። ረመዳን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሐኪሙን ሳትጠይቅ ጾም እንዳትይዝ፤ ኢማሙንም ጠይቄልሃለሁ፣ ለታመመ ተፈቅዷል ብለዋል። ሥራው ይቀርብኛል ብለህ እንደሆነ ይቅርብህ። ሥራ ይገኛል፤ አንተን ከየት አመጣለሁ?

ኦይዲን ሰላም ትልሃለች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ መደበቅ አልቻልኩም፤ ስታለቅስ ዋለች፣ አሁን ግን ተነስታ ላንተ የሱፍ ካልሲ እየሠራች ነው፣ ጥብቅ እንዳይሆን ሰፋ አድርጊው ብያታለሁ። ልጅህ ሙኒሳ ሁለት ጥርስ ነቅላለች፤ ሰላም ለአባቴ ብላለች። ኤርጋሽ “ሚዛኑ ተርፏል በይው” ብሎሃል፤ ቀልዱን ሲያወራ ግን ድምፁ ደህና አልነበረም። የጎረቤታችን ሚስት እትዬ ሆሊዳ በየሶላቷ ትጠራሃለች። አብረውህ ለሚያድሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ውሃ የሚያበዛ ካለ እሱም ይታይ።

ስትሄድ ነክሰህ የተውካት ዳቦ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለች ነች። ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። መጥተህ እንድትጨርሳት ነው ልማዱ፤ ማቭሉዳን ጠየቅኋት፣ “ይምጣ ብቻ፣ እሷን ደብተር ላይ አንጽፋትም” አለችኝ።

አደራህን ቱሮብ፣ መልስ ስትጽፍ ደህና ነኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። እናታችንም እስከ መጨረሻዋ ደህና ነኝ ትል ነበር። ቁጥሩን ጻፍልኝ።

እህትህ ሳኖባር
ጊጅዱቫን፣ ሜይ 14 ቀን 2016