ለሁሉም የተከፈተ የዘፈን ዝርዝር

…ከውርጌሳ ስንመለስ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ጆሮ ተካፍለን፣ አንተ አምባሰሉን ደጋግመህ ስትከፍተው ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ደሞዜ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እኛ መርሳ ደህና ነን።

በጥር ከጅቡቲ «ጀልባው ሊነሳ ነው» ብለህ ከደወልክ ወዲህ፣ የዘፈን ዝርዝርህ ላይ የጨመርከው የለም። የእኔን ግን እንድታገኘኝ ብዬ በሙሉ ስሜ ለሁሉም ሰው ከፈትኩት፤ በየቀኑ አንድ ዘፈን እጨምርበታለሁ።

አክስታችን እትዬ አልታየች ትናንት መጡ።

«አገሩ ሁሉ በስልኩ እያየሽ ነው። ሰርግ ቤት አስመሰልሽው'ኮ! በዚህ ጊዜ ዘፈን ይከፈታል?»

«በየትኛው ጊዜ፣ እትዬ?»

ተነስተው ሄዱ። አሁን ይሄን ስጽፍ፣ በልኬ ያሰፉትን ጥቁር ቀሚስ ይዘው በረንዳው ላይ ደርሰዋል። የዘፈኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

በሰላም ዋልልኝ።

እህትህ በላይነሽ

እትዬ ሳይገቡ በሩን ዘጋሁት።