ነገ ነፋሱ ጋብ ይላል

ማካና፣

ከሥራ እስክትመለስ መጠበቅ አልሆነልኝም። ዛሬ ካይሙኪ ሰፈር እናቴ ዘንድ ነው የማድረው።

ራዲዮው እንዳለው የምሥራቁ ነፋስ እስከ ማታ ይበረታል። በባሕሩ በኩል ያለው መስኮት መቀርቀሪያው ስለላላ ወንበር አስደግፍበት። ነገ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ እኛ ባለንበት በሰሜኑ ዳርቻ ግን ትልቅ ማዕበል ይገባል ተብሏል። የማዕበል መንሸራተቻህን ይዘህ እንዳትወጣ። ያን ቀንም ወንድሜን “ይሄማ ትንሽ ነው፣ ና እንውጣ” ነበር ያልከው።

ይቅር፣ ተወው።

ፖዩ፣ የጎደሬ ገንፎው፣ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ነው። ሳይኮመጥጥ ብላው።

የወንድሜን የካላኒን የአስከሬኑን አመድ ነገ ጠዋት በደቡብ በኩል በታንኳ ወጥተን ባሕሩ ላይ እንበትናለን። እዚያ ውኃው የተኛ ነው። ትላንት ወጥ ቤት ውስጥ “እኔ ባልመጣ ይሻላል፤ እናትሽ ፊቴን ማየት አትፈልግም” ስትለኝ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። ሰምቼሃለሁ። እሱ ሞቶ አንተ ከባሕሩ መመለስህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት ግን አልነግርህም። ልቅሶም እንቢ ብሎኛል።

ቅድም እናቴ ደውላ፣ “ታንኳው ላይ የልጄ ቦታ ባዶውን አይሄድም። ማን ይቀመጥበት?” አለችኝ።

“ማካና” አልኳት።

ስልኩን የዘጋችው መስሎኝ ነበር።

“እንግዲያው በጊዜ ይምጣ” አለች። “እንደዚያ እንደ ልጄ አርፋጅ እንዳይሆን ንገሪው።”

ጎህ ሲቀድ ነው የምንነሳው።

ኖሄያ