ወንበር የያዘው ሻርፕ

ለሩቋ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ስትጽፊልኝ፣ የጉባኤው አዳራሽ ማቀዝቀዣ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ስለ ዓለም ሙቀት እያወራን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ ምነው ያንን አረንጓዴ ሻርፔን ይዤው በመጣሁ ብለሽ ነበር። አንብቤ ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰው እስኪዞርብኝ ድረስ ሳቅሁ። እኔን ካልሽ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፈተናዬንም አልፌያለሁ። ደህና መሆን ይኼ ከሆነ ከኔ በላይ ደህና ሰው የለም።

ስለ ጭራሮ ጻፊልኝ ያልሽውን አልረሳሁትም። አዘጋጆቹ በመዝጊያው ቀን መድረክ ላይ ወጥተሽ ሙቀቱ በቅርብ ሰውሽ ላይ ያደረሰውን እንድትናገሪ ጠይቀውሻል። አንቺም የዶርማችን ሦስተኛዋ ልጅ፣ ያቺ ልቧን የሚያማት፣ በሙቀት መሞቷን ሰምተሽ ይኼማ ለመድረክ ነው አልሽ። ቃል በቃል አላልሽው ይሆናል። አጠር ይበል፣ ልብ የሚነካ ይሁን፣ ስሟንም ቀይሪው ብለሽ ግን ጽፈሻል። ኧረ እኔ ምን ገዶኝ! ስሟን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን አንቺው ቀይረሽዋል። ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ አይተሻት፣ ይቺ እሳት ማያያዣ ጭራሮ እንጂ ሰው ናት ወይ ብለሽ ዶርሙን በሳቅ ገደልሽው። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እናቷ ባወጣችላት ስም የጠራት ሰው የለም።

እንግዲህ ከላይብረሪው ልጀምርልሽ፤ ነገሩ ሁሉ የሆነው እዚያ ነው። ፊርማ ያሰባሰብንበት ሰሞን ትዝ ይልሻል? አንቺ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ሊቀመንበር፣ እኔ ወረቀት ተሸካሚ። ጥያቄያችን የላይኞቹ ፎቆች ማቀዝቀዣ ይዘጋ፣ በምትኩ እነዚያ ጥርቅም ብለው የታሸጉ መስኮቶች ይከፈቱ፣ በምዕራብ በኩል ዛፍ ይተከል፣ ጥላ ይሠራ የሚል ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁን አንጀቴ እያረረም ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ። ራሱን ለማቀዝቀዝ ብሎ ውጪውን የሚያሞቅ ሕንፃ አይገባኝም ብለሽ በር ላይ ስትናገሪ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ጭራሮም ፈርማለች፣ ያውም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ። የላይብረሪው ኃላፊ ግን ሞኝ አይደለም፤ ከጥያቄያችን ግማሹን ብቻ ወሰደ። ለማጥፋት አንድ ጣት ይበቃል፣ መስኮት ለመክፈት ግን ኮሚቴ ይቋቋማል ተባለ። እሱ እጁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጎ፣ አንቺ ከጎኑ ሆነሽ ጥርስሽ ሁሉ እስኪታይ እየሳቅሽ ፎቶ ተነሣችሁ። ያ ፎቶ ነው ጉባኤው ድረስ የወሰደሽ። መስኮቶቹ ዛሬም እንደታሸጉ ናቸው፤ ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም።

የቀረልን የታችኛው አዳራሽ ብቻ ሆነ። እሱም ለኛ ታዝኖልን እንዳይመስልሽ፤ አሮጌዎቹ ጋዜጦች እንዳይበላሹ ነው ማቀዝቀዣው የተተወለት። ግቢው ሙሉ እዚያ ተጠቀጠቀ። የሚማረውም፣ የሚተኛውም፣ ከፍቅረኛው ጋር የሚንሾካሾከውም። ቆሞ ማንበብ ክልክል፣ መሬት ላይ መቀመጥ ክልክል፤ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ በወንበር ልክ ሰው ያስገባል። ሌላውን አገልግሎት ካልሽ እንዳለ ነው። መጽሐፍ መዋሱ በሰልፍ፣ ኮምፒውተሩ ይጠብቁ እንዳለ ነው፣ የሐሳብ መስጫው ሳጥን ቁልፉ ጠፍቶ ወረቀት በላይ በላዩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የተጻፉት መጻሕፍት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። የጥራዛቸው ሙጫ በሙቀቱ ለቅቆ፣ ገና ስትከፍቻቸው ገጹ እጅሽ ላይ ይቀራል። ይኼን መድረክ ላይ ንገሪያቸው፣ ይስቁልሻል።

ወንበርሽንማ ታውቂዋለሽ። ምሰሶው ሥር፣ ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት፣ ከአዳራሹ ሁሉ የሚመረጠው። የዩኒቨርሲቲያችንን ሕግ የጻፈው ባይኖርም ሁሉም ያከብረዋል፤ ዕቃ ያለበት ወንበር ሰው አለበት። ደብተር ይሁን፣ የውኃ ጠርሙስ ይሁን፣ አንዴ ከተቀመጠ ማንም አይነካውም። ስትሄጂ ሻርፕሽን ወንበሩ ላይ አንጥፈሽ፣ እስክመለስ አደራ አልሽኝ። አደራሽን አልበላሁም። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከአጠገቡ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን አራግፌ መልሼ አነጥፈው ነበር። ጥበቃው እንኳ ሲቆጥር ሻርፕሽን ሰው ብሎ ይቆጥረዋል። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ እዚህ ቦታ ነበረሽ፤ እንዲህ ያለ ክብር ያለው ሰው አላየሁም።

ያን ቀን የፈተና ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ልንገርሽ ብል አታምኚኝም። የዶርማችን ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑን አልረሳሽም መቼም። ጭራሮ ከሰዓት በኋላ ላይ ወደ አዳራሹ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ጥበቃው ሞልቷል ብሎ መለሳት። ያው አንድ ክፍት ወንበር ይታየኛል አለችው፤ እሱም ሰው አለበት አላት። መጽሐፍ ልመልስ ነው ብላ በዘዴ ገባች። መጥታ ወንበርሽ አጠገብ፣ በኔና በሻርፕሽ መካከል ቆመች። መጽሐፍ የምታውሰን የላይብረሪዋ ሴትዮ አይታት፣ ያንን ጨርቅ አንሺና ቁጭ በይ እንጂ ልጄ አለቻት። ምነው ባላለች! ከየጠረጴዛው ጉርምርምታ ተነሣ። የሰው ነው አለ አንዱ። ዛሬ ሻርፕ ከተነሣ ነገ የኛም ዕቃ ይነሣል አለ ሌላው። ሴትዮዋም ጠቡ ይቅርብኝ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጭራሮን ታውቂያታለሽ፤ የሰው ነገር ከምትነካ ብትቃጠል ይሻላታል። ስለዚህ አንቺኑ አስፈቀደችሽ። ስልኳን አውጥታ፣ እስክትመለሺ ወንበርሽ ላይ ትንሽ ልቀመጥ ወይ፣ ሙቀቱ አልቻለኝም ብላ ጻፈችልሽ። ቶሎ መለስሽላት፤ ለዚህ አመሰግንሻለሁ። መልሱን ለኔም አሳየችኝ። የሚስቅ ፊት አድርገሽበት፣ ወንበሬን አንዴ ለሰው ከሰጠሁ መልሼ አላገኘውም፣ ባለበት ይቆይልኝ፣ አይዞሽ የኔ ጭራሮ፣ እኔም እዚህ የምታገለው ስለናንተው ነው ብለሽ ነበር። ረስተሽው ይሆናል። ሥራ ይበዛብሻል፤ ብዙ ሰው ይጽፍልሻል።

እሷ ምን አለች መሰለሽ? እውነቷን ነው አለች። እውነቷን ነው! ደረቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ፣ እንደምታውቂው ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ተንፍሳ፣ ለጠዋቱ ፈተና የምትፈልገው መጽሐፍ ከላይብረሪ የማይወጣ ስለሆነ ሦስተኛ ፎቅ ሄጄ አንብቤው ልምጣ አለችኝ። እኔም በርቺ አልኳት። ደረጃውን እየቆመች ስትወጣ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። አንቺ እዚህ በነበርሽ ጊዜ ያንን ደረጃ አንድ ቀን አዝለሻት ወጥተሽ አልነበር? ሐኪሟ ሙቀትና ደረጃ እንዳታበዛ ማለቱን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ያገኘቻት የላይብረሪዋ ሴትዮ ናት። ልትዘጋ ስትል መጽሐፍ ልትሰበስብ ወጥታ፣ ጭራሮን በመደርደሪያዎቹ መካከል ወድቃ አገኘቻት። የሴትዮዋ ጩኸት እታች ድረስ ተሰማ። ተሸክመን አወረድናት፤ ቀለለችኝ። አዳራሹ ስትገባ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁሉም ብድግ አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ወንበሩን በጥርሱ ይዞ የዋለው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር ቆመ። ወንበሮች ገጣጥመን አስተኛናት። የሚነከር ጨርቅ አምጡ ሲባል በቅርብ የተገኘው ያንቺ ሻርፕ ነበር። ማንም የሰው ነው አላለም። በውኃ ነክረን ግንባሯ ላይ አደረግንላት። ዓይኗን አንዴ ገለጥ አድርጋ ሻርፑን በእጇ ዳሰሰችውና ልታነሣው ሞከረች። እኔ እጇን ያዝኩት። አምቡላንሱ ሲደርስ ነፍሷ ወጥታ ነበር።

ከዚያማ ያው እንደምታውቂው ነው። ኃላፊው ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ወንበር በዕቃ መያዝ ክልክል ነው። በማግስቱ ተማሪው ከመደርደሪያ መጽሐፍ እያወጣ ወንበር ያዘ፤ መጽሐፍ ዕቃ አይደለማ! ክበባችንም በስሟ ችግኝ ተከለ። አንቺና ኃላፊው በተዋችሁት በምዕራቡ በኩል ነው። ውኃ የሚያጠጣው ተራ ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም የሌላው ተራ መሰለው መሰል ችግኙ ደርቆ ቆሟል። እስኪ ማንን ይመስላል በይኝ።

እናቷ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ትንሽ ሴት ናት፣ እንደ ልጇ የሰው ነገር የማትነካ። አልጋው ጫፍ ላይ እንኳ ልቀመጥ ወይ ብላ አስፈቅዳ ነው የተቀመጠችው። ልጄ የምታጠናበትን ቦታ አሳዩኝ አለች። ጥበቃው መታወቂያ ጠየቃት፤ ለምኜ አስገባኋት። የትኛው ነው ወንበሯ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? የሷ የሚባል ወንበር አልነበራትም ልበላት? በጣቴ ያንቺን አሳየኋት። ተቀመጠችበት። ጠረጴዛውን በመዳፏ እየጠራረገች፣ ማቀዝቀዣው ፊቷ ላይ ሲነፍስ ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ሁልጊዜ ሙቀት ይጨንቃት ነበር፣ እንኳን እንዲህ ያለ ቦታ አገኘች አለችኝ። እኔም አንዴ ከአፌ ካመለጠኝ አይቀር፣ ጓደኛዋ ናት የለቀቀችላት፣ አሁን ሩቅ ሄዳለች አልኳት። እዚያው ቁጭ እንዳለች አለቀሰች፣ ደግሞ መረቀችሽ። አድርሺልኝ ብላኛልና የሰው መልእክት አላስቀርም።

ልጄን እንዳሳረፈቻት፣ እሷንም በሄደችበት ሁሉ ማረፊያ አያሳጣት ብላለች። ሙቀት አይንካት፣ ዕድሜዋ ይርዘም፣ ለሰው የለቀቀችው ቦታ በእጥፍ ይመለስላት ብላለች። እኔ ደግሞ አሜን ብያለሁ። አንቺም አሜን በይ።

ሻርፕሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አዳራሹ ይበርዳል ብለሽ የለ። አላጠብኩትም። መድረክ ላይ ስትወጪ አንገትሽ ላይ አድርጊውና ታሪኩን እንደጻፍኩልሽ፣ ከነወንበሩና ከነመልስሽ ተናገሪው። ካልሆነ ግን ስሟን በአፍሽ አትጥሪ፤ የቀየርሽውንም፣ እናቷ ያወጣችላትንም። የቱንም ብትመርጪ ከጉባኤው ስትመለሺ እንተያያለን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ታሪኩን ተናግረሽ ስትጨርሺ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ብልጥ ሰው ተነሥቶ፣ ከሻርፑ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ማን ነበር፣ እሱስ ለምን አልተነሣላትም ብሎ ቢጠይቅሽ፣ አላውቀውም በይ። ግድ ካለሽም ስሙን ቀይሪው።

በሰላም ግቢ፤ ለጉሮሮሽ ትኩስ ነገር ጠጪ።

ከወንበርሽ አጠገብ፣
ጓደኛሽ