የደበዘዘው መስታወት

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እህትህ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዳለች።

የአባትህን ሞት ከቀብር በኋላ ከነገርኩህ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ፈተናህን እስክትጨርስ ብዬ ነበር የደበቅኩህ። አልፈርድብህም።

ከአባትህ ጋር ስትገጣጥሟት የነበረችው ቀይዋ የፕላስቲክ መኪና አሁንም መስኮቱ ሥር ናት። የቀራት የፊት መስታወቷ ብቻ ነበር። ጨርሼ ፎቶዋን ብልክልህ ትደውላለህ ብዬ፣ መመሪያውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሙጫችሁ ደርቆ ስላገኘሁት ከጫማ ሰፊው በለመንኩት ሱፐር ግሉ ለጠፍኩላት። ጠዋት ሳያት መስታወቷ ጉም መስሏል። በአልኮል ብጠርገው ባሰበት። አባትህ ቀለም የቀባው መሪ ከእንግዲህ አይታይም። እህትህ «እማዬ፣ መኪናዋንም የዓይን ሞራ አስያዝሻት?» ብላ ሳቀች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ይጸዳ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ። እባክህ ልጄ፣ ደውልና ንገረኝ። ከፈለግክም ተቆጣኝ፤ ብቻ በድምፅህ ተቆጣኝ።

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። እኔንም ድምፅህን ሳያሰማኝ አይውሰደኝ።

እናትህ